የጥገና ድርጅት ሥራ አስኪያጅ የሥራ ውሎ

ከመርካቶ ተነሥታችሁ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በኩል ወደ አምቦ የሚወስደውን መንገድ ብትይዙ፣ ቡራዩ ከመድረሳችሁ በፊት አስኮን ታገኛላችሁ። በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ከዳቦ ቤቱና ከመድኃኒት ቤቱ መካከል፣ «ሞባይል፣ ቴሌቪዥንና ኮምፒዩተር እንጠግናለን» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ቤቶች አሉ። ከእነዚህ የሚበዙት አንድ ሰው በአንድ ጠረጴዛ የሚሠራባቸው ናቸው። አንዳንዶቹ ግን አድገው አራት አምስት ቴክኒሺያኖች፣ አንድ ዕቃ ተረካቢ፣ አንድ ገንዘብ ያዥና አንድ ሥራ አስኪያጅ ይኖሯቸዋል። በዚህ ምንባብ የምንመለከተው የዚህን የመጨረሻውን ሰው ውሎ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቀኑን ሙሉ መበየጃ ሳይጨብጥ ሊውል ይችላል። ታዲያ ሥራው ምንድን ነው?

ቀድሞ እንዲህ ያለ ሰው አያስፈልግም ነበር። የሬዲዮ ጠጋኝ ዕቃውን ራሱ ይቀበላል፤ ራሱ ይፈታል፤ ራሱ ገጣጥሞ ያስረክባል። በ1957 ዓ.ም. የቴሌቪዥን፣ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በአገራችን ከተጀመረ ወዲህ ግን ሙያው እየተከፋፈለ ሄደ። ቦርድ የሚበይደው ሌላ፣ ስክሪን የሚቀይረው ሌላ፣ ሶፍትዌር የሚጭነው ሌላ ሆነ። ሥራ ሲከፋፈል ደግሞ ደንበኛው የተናገረው ቃል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ መልኩን ይለውጣል። የሥራ አስኪያጁ ዋና ተግባር ይህ ቃል ሳይለወጥ ከዕቃው ጋር አብሮ እንዲጓዝ ማድረግ ነው። ለዚህም መሣሪያው መልቲሜትር ሳይሆን እስክሪብቶ ነው።

አንድ ሰው ቴሌቪዥን ተሸክሞ መጣ እንበል። «ምን ሆነ?» ቢባል «ተቃጠለ» ይላል። ጀማሪ ተረካቢ በካርዱ ላይ «ቴሌቪዥን፤ አይሠራም» ብሎ ይጽፋል። እስቲ ይህን ዐረፍተ ነገር መርምሩት። ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ማንንም አይረዳም። ባይሠራ ነው እኮ ወደ ጥገና ቤት የመጣው! ሥራ አስኪያጁ ካርዱን መልሶ እንደሚከተለው ያስጽፈዋል፦ «ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን፤ መብራቱ ይበራል፤ ድምፅ አለው፤ ምስል የለውም፤ የተበላሸው ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ነው፤ የስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ ሲመጣም የተጫረ ነበር።»

ከዚህ ጽሑፍ ቴክኒሺያኑ ብዙ ያነባል። ድምፅ ኖሮ ምስል ከጠፋ፣ ስክሪኑን ከጀርባ የሚያበሩት ትናንሽ አምፖሎች ሳይጠፉ አይቀሩም። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ከመፍታቱ በፊት የእጅ ባትሪ ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ ያበራል። በብርሃኑ ውስጥ ደብዛዛ ምስል ከታየ ስክሪኑ ደኅና ነው፤ ችግሩ ያለው ከጀርባ በሚያበራው ክፍል ነው። የመጨረሻው ሐረግ ደግሞ ለሌላ ነገር ይጠቅማል፤ ደንበኛው በርክክብ ዕለት «ይህን የጫራችሁት እናንተ ናችሁ» ቢል፣ ፊርማው ያለበት ካርድ ይመልስለታል።

በካርዱ ላይ ሰፈሩም ይጻፋል። ይህ በመጀመሪያ ሲታይ ትርፍ ይመስላል፤ ጥቅሙ የሚታወቀው በአንድ ጠዋት ከአንድ መንደር ሦስት ቴሌቪዥኖችና ሁለት የሳተላይት ሪሲቨሮች ሲመጡ ነው። ከትራንስፎርመር ወደ መንደሩ ከሚሄዱት ገመዶች መካከል ሦስቱ ኃይል የሚሸከሙ ሲሆኑ አራተኛው ኒውትራል ይባላል። በአንዱ ባለ ኃይል ገመድና በኒውትራሉ መካከል 220 ቮልት፣ በሁለት ባለ ኃይል ገመዶች መካከል ግን 380 ቮልት ይገኛል። የኒውትራሉ ገመድ በነፋስ ወይም በእርጅና ቢበጠስ፣ በተለያዩ ገመዶች ላይ ያሉ ቤቶች እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ በአንዱ ቤት አምፖል ሲደበዝዝ በሌላው እስከ 380 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ይገባል። በዚያ ቤት የተሰካ ዕቃ ሁሉ አደጋ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ አምስቱን ካርዶች ጎን ለጎን ሲያያቸው ነገሩ ይገባዋል። ለደንበኞቹም ገመዱ ሳይታይ ዕቃው ተጠግኖ ቢሰካ ዳግመኛ እንደሚቃጠል ነግሮ፣ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት እንዲያመለክቱ ይመክራቸዋል። እንዲህ በማድረጉ ዳግመኛ ሊያገኘው የሚችለውን የጥገና ገንዘብ ያጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የስልክ ጉዳይ ነው። በአንድ ጉልት አትክልት የሚሸጡ እናት፣ አልበራ ያለ ስልካቸውን ይዘው መጡ እንበል። ቴክኒሺያኑ መርምሮ፣ ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ ካልተጫነ እንደማይነሣ፣ ይህ ሲደረግም በውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ይናገራል።

«ብቻ ይሥራልኝ ልጄ» ይላሉ እናትየው።

እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው «እሺ» ብሎ ይቀበላል። ሥራ አስኪያጁ ግን «እማማ፣ በውስጡ ምን ነበረዎት?» ብሎ ይጠይቃል።

«የቴሌብር ገንዘቤ አለ። ዱቤ የወሰዱብኝን ሰዎችም ልጄ እዚያው ላይ ጽፋልኛለች። የሟች ባለቤቴም ፎቶ አለ።»

እንግዲህ ሦስቱን መለየት ያስፈልጋል። የቴሌብር ገንዘብ የሚቀመጠው በቴሌው መዝገብ እንጂ በስልኩ ውስጥ ስላልሆነ፣ ስልኩ ቢደመሰስም አይጠፋም። የዱቤው ዝርዝርና ፎቶው ግን በሌላ ቦታ ካልተቀመጡ ተመልሰው አይገኙም። ሥራ አስኪያጁ ይህን በቀስታ ያስረዳቸዋል። ከዚያም ቴክኒሺያኑ አስቀድሞ በውስጡ ያለውን ለመገልበጥ እንዲሞክር፣ ካልሆነለትም እናትየው ሳይፈቅዱ እንዳይደመስስ በካርዱ ላይ ያሰፍራል። «ሳይፈቅዱ አይደምሰስ» የሚለውን ቃል በቀይ ያሠምርበታል። በችኮላ «ይደምሰስ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ የአንዲት ሴት የዓመት ዱቤና የባሏ መልክ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጠፉ ነበር።

ስለ ዋጋም ጥቂት እንበል። መለዋወጫ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው ከምንዛሪ ጋር ይወጣል፤ ይወርዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ዛሬ የተነገረ ግምት ከሳምንት በኋላ ላይሠራ እንደሚችል ጠጋኞች ተምረዋል። ስለዚህም በግምቱ ወረቀት ላይ ዋጋው የሚጸናበት ቀን፣ መለዋወጫውም ኦርጅናል ይሁን ሌላ በግልጽ ይጻፋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ነጋዴ ለሰጠው አገልግሎት ደረሰኝ እንዲሰጥ አዝዟል። ደረሰኝ መቀበል ጠጋኙን መጠርጠር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ በእኔ አስተያየት ይህ ያለ ቦታው የገባ ይሉኝታ ነው።

የማይጠገን ዕቃም አለ። ባትሪው ያበጠ ስልክ ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ ከሌሎች ዕቃዎች ለይቶ ያስቀምጠዋል፤ የሊቲየም ባትሪ ሲወጋ ወይም ሲጨፈለቅ በእሳት ሊያያዝ ይችላልና። የተጣሉ ቦርዶችን ቁራሌው ገዝቶ ወደ ምናለሽ ተራ ይወስዳቸው ይሆናል። መዳቡን ለማውጣት ሽቦውን በሜዳ ላይ ማቃጠል ግን ጭሱን ለሚተነፍሰው ሁሉ መርዝ ነው።

ማታ ቴክኒሺያኖቹ ከሄዱ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ያላለቁትን ካርዶች አንድ በአንድ ያነባል። ተጠግነው ባለቤት ያልመጣላቸው ዕቃዎች ለብቻቸው ተደርድረዋል፤ ስልክ እየደወለ ያስታውሳል፤ የደወለበትንም ቀን በካርዱ ጀርባ ይመዘግባል። የእናትየው ካርድ በእጁ ሲገባ «ፎቶው ተገልብጧል፤ ዝርዝሩ ገና ነው» የሚል የቴክኒሺያኑን ጽሑፍ ያገኛል። ካርዱን ለነገ ከሁሉ በላይ ያስቀምጠዋል። ሰማዩ ካጉረመረመም ዕቃዎቹን ሁሉ ከሶኬት ነቅሎ፣ ዋናውን ማጥፊያ በራሱ እጅ ዘግቶ ይወጣል።