ራስሽን «ሆዳም» ብለሽ አትስደቢ

ሥራ የሚያልቀው ሌሊት ስድስት ሰዓት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ከሻይ በቀር አልቀመስሽም። ኩሽና ቆመሽ የተረፈውን ሩዝና ዳቦ ከልክ በላይ ትበያለሽ። ጋደም ስትዪ «ሆዳም! ለዚህ ነው የወፈርሽው» የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል። በኢሞ ስትደውዪም ቤተሰብ «ወፈርሽ፣ ተመችቶሻል» ይላል። (ለእነሱ ሙገሳ ነው፤ አንቺን ግን ያምሻል።)

እህቴ፣ ይሄ ሆዳምነት አይደለም። ሲራብ የዋለ ሰውነት ማታ አብዝቶ ይጠይቃል፤ እንቅልፍ ማጣትም ረሃብን ይጨምራል። «ነገ አልበላም» ብለሽ ራስሽን ብትቀጪ ነገ ማታ ያው ይደገማል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ክሪስቲን ኔፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ለራስ መራራትን በሦስት ነገር ገልጻዋለች፦ ስሜትን ሳያጋንኑ ማየት፣ ችግሩ የሌላውም ሰው መሆኑን ማሰብ፣ ለራስ ደግ መሆን። በእኛ ኑሮ ሲታይ፣ ትናንት ከአገር ቤት የመጣች ልጅ ይህንኑ ብታጫውትሽ «ሆዳም» ትያታለሽ? «ሳትበዪ ነው እኮ የዋልሽው» ነው የምትያት። ያንኑ ለራስሽ በዪ። ጠዋትም ዳቦ በሻይ እንኳ ቢሆን ቅመሺ።

ምግብ የሚከለክሉሽ ከሆነ ግን ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ለምሳሌ የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ (ቁጥር 68፣ 2015) አሠሪ ምግብ እንዲያቀርብ ያስገድዳል።

ከበላሽ በኋላ ሆን ብለሽ የምታስመልሺ ወይም ራስሽን የምትስቺ ከሆነ ሐኪም ይይሽ። ለማዳም ሁሉን መዘርዘር የለብሽም፤ «አሞኛል፣ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ» ይበቃል።