የተበላሸ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ አይደለም

«ፈንገስ ነው» የሚለው ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሐኪም ፊት ሳይሆን ፋርማሲ ውስጥ ነው። ደንበኛው እጁን ይዘረጋል፣ ከባንኮኒው ማዶ ያለው ሰው አየት ያደርጋል፣ ቅባት ወይም ኪኒን ይወጣል። ግምቱ ብዙውን ጊዜ ልክ ነው፤ ከጥፍር ሕመሞች ግማሽ ያህሉ በእርግጥም ፈንገስ ናቸውና። ዕዳው የሚወድቀው በቀሪዎቹ ላይ ነው። ከእነሱ አንዱ የጥፍር ሶሪያሲስ ነው፦ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ያለ ጠላት ተቆጥቶ የቆዳና የጥፍር ሕዋሳት ከልክ በላይ በፍጥነት እንዲባዙ የሚያደርግበት ሕመም። የፈንገስ ኪኒን ለዚህ አይሠራም። ወራት ያልፋሉ፣ ገንዘብ ያልቃል፣ ጥፍሩ እንደነበረ ነው።

ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት ለሐኪምም ያስቸግራል፤ ጠቋሚ ምልክቶች ግን አሉ። ፈንገስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከእግር፣ ይልቁንም ከአውራ ጣት ነው። ሶሪያሲስ የእጅ ጥፍሮችን ይወዳል፣ በአንድ ጊዜም ብዙ ጣቶችን ይይዛል። ጥፍር በሚበቅልበት ሥር ላይ ሲቀመጥ፣ ጥፍሩ ሲያድግ ከላዩ ጥቃቅን ቅርፊቶች እየረገፉ በየቦታቸው ትንንሽ ጉድጓዶች ይቀራሉ። አንድ ሁለት ጉድጓድ ጤነኛ ሰው ላይም ይታያል፤ በበርካታ ጥፍሮች ላይ ሲበዙ ግን ጥርጣሬው ይጠነክራል። ጥፍሩ በተኛበት ሥጋ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ መልኩ ይለያል፦ ከጥፍሩ ሥር ሐኪሞች «የዘይት ጠብታ» የሚሉት ቢጫ ወይም ቡናማ ነጥብ ይወጣል፣ ጥፍሩ ከጫፉ ጀምሮ ከሥጋው ይላቀቃል፣ ከሥሩ ነጭ ፍርፋሪ ይጠራቀማል፣ አንዳንዴም ቀጫጭን የደም ሰረዞች ይታያሉ። ክርን፣ ጉልበት፣ የራስ ቆዳና እምብርት አብረው ይታዩ። መጻሕፍቱ «ቀይ» የሚሉት የቆዳ ቁስለት በጠይም ቆዳ ላይ ወይን ጠጅ ወይም ግራጫ መስሎ ስለሚታይ በቀላሉ ይታለፋል።

ከዚያ በኋላ የላቦራቶሪው ተራ ነው። ከጥፍሩ ሥር የተፋቀው ፍርፋሪ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ርካሽና ፈጣን ምርመራ ነው፣ ኪኒን ከመዋጥ በፊት የማይጠየቅበትም ምክንያት አይገባኝም። ፈንገስ ቢገኝ እንኳ ሶሪያሲስ የለም ማለት አይደለም፤ የተላቀቀ ጥፍር ለፈንገስ የተመቸ ቤት ነውና ሁለቱ አብረው ይኖራሉ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። በጥቁር ሰዎች ጥፍር ላይ ቡናማ መስመሮች መኖራቸው የተለመደና ጤናማ ነው። በአንድ ጥፍር ብቻ አዲስ ወጥቶ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቦብ ማርሊ በ1981 እ.ኤ.አ. የሞተው ከእግር ጣቱ ጥፍር ሥር በጀመረ የቆዳ ካንሰር ነበር። እንዲህ ያለው ምልክት የፋርማሲ ጉዳይ አይደለም፣ ረጅም ቀጠሮም አይጠብቅም፤ በቶሎ ለቆዳ ሐኪም ይታያል።

ወደ ሶሪያሲስ ስንመለስ፣ «ይተላለፋል» የሚለው እምነት ከሕመሙ ይልቅ ሰውን ይጎዳል። ከአንድ ትሪ በምንበላበት፣ ጉርሻ በምንሰጣጥበት አገር የተበላሸ ጥፍር መሸሸግ አይቻልም፤ በሥጋ ደዌ የተነሳ የኖረው ፍርሃትም ገና ከአእምሯችን አልወጣም። ሶሪያሲስ ጀርም የለውም፤ በመንካት፣ በመብላት፣ በጥፍር መቁረጫም አይተላለፍም። በቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገመው በዘር ዝንባሌ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ ሥር የሰደደና የማይተላለፍ ሕመም ብሎ አውቆታል። ሶሪያሲስ ያለባት ሴት ያዘጋጀችው እንጀራ ይበላል፤ እጇንም አትደብቅ።

የካልሲየም እጥረት ነው የሚሉም አሉ። አይደለም። የካልሲየም ኪኒን ሶሪያሲስን አያሽልም፤ በጤነኛ ጥፍር ላይ የሚታዩት ነጫጭ ነጥቦችም አብዛኛውን ጊዜ የመጋጨት ትዝታዎች ናቸው።

«ሥሩን በደንብ መፋቅ፣ ከዚያ በጄል መሸፈን» የሚለው ምክር ደግሞ በቀጥታ ያባብሳል። በሶሪያሲስ የተያዘ ሰው ቆዳው በተጎዳበት ቦታ አዲስ ሕመም ሊወጣበት ይችላል፤ ይህን ያስተዋለው ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪሽ ኮብነር በ19ኛው መቶ ዘመን ነበር። ስለዚህ ጥፍር አጠር ተደርጎ ይቆረጣል፣ በሥሩ ያለው ቆዳ አይገፋም፣ አይቀረፍም፣ ፍርፋሪው በሹል ነገር አይጠረግም። ጥፍር ቤት የሚቀጠለው ሰው ሠራሽ ጥፍር የላላውን ይበልጥ ይነቅላል። ተራ ቀለም ጉዳት የለውም። ልብስና ዕቃ በኦሞና በበረኪና ሲታጠብ ጓንት ይደረግ።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ግን «የመልክ ጉዳይ ነው» የሚለው ነው። ጣትን የሚያቀናው ጅማት በመጨረሻው መገጣጠሚያ ላይ ሲያርፍ ክሮቹ እስከ ጥፍሩ ሥር ይዘልቃሉ፤ የጅማቱ ብግነትና የጥፍሩ ሕመም ጎረቤታሞች ናቸው። በሶሪያሲስ ምክንያት የመገጣጠሚያ ሕመም ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ፣ እስከ አራት አምስተኛው፣ የጥፍር ለውጥ አላቸው። ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ የጣት መገተር፣ ሙሉ በሙሉ ያበጠ ጣት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የተረከዝ ሕመም ካለ ለሐኪሙ ሳይጠየቁ መናገር ያስፈልጋል። የተበላ መገጣጠሚያ አይመለስም። ጥፍር ግን ይመለሳል።

«መድኃኒት የለውም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው፦ ጨርሶ የሚነቅል የለም፣ የሚቆጣጠር ግን አለ። ጥቂት ጥፍሮች ብቻ ከተያዙ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት፣ ብቻውን ወይም ከካልሲፖትሪዮል ጋር ይታዘዛል። ብዙ ሰው የሚስተው ቦታውን ነው። ለጉድጓዶቹ የሚቀባው በጥፍሩ ላይ ሳይሆን ጥፍር በሚወጣበት በሥሩ ቆዳ ላይ ነው፤ ለተላቀቀው ደግሞ የላላው ጥፍር በመቁረጫ ከተነሳ በኋላ ከታች ባለው ሥጋ ላይ። ሐኪሙ ከወሰነው ጊዜ በላይ ሲቀባ የጣቱን ቆዳ ያሳሳል። ትራያምሲኖሎን የተባለውን ስቴሮይድ በጥፍሩ ሥር በመርፌ መስጠትም ያግዛል፤ እንደሚያም መሸሸግ አያስፈልግም።

ብዙ ጥፍር ወይም መገጣጠሚያ ሲያዝ ሜቶትሬክሴት ይታዘዛል፤ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ በየቀኑ የዋጡት ሰዎች ለሞት ተዳርገዋል። ለነፍሰ ጡር ክልክል ነው፣ ደምና ጉበት በየጊዜው ይመረመራሉ፣ አልኮልም አብሮት አይሄድም። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖች እንደ አዳሊሙማብና ሴኩኪኑማብ ያሉ መርፌዎች ሊታዘዙላቸው ይችላሉ። ከመጀመራቸው በፊት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይደረጋል፤ አዳሊሙማብን የመሰሉት የተኛውን ነቀርሳ ሊቀሰቅሱ ይችላሉና፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ምርመራ እንደ ወረቀት ሥራ ሊያየው አይገባም።

የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ሙሉ ለመተካት 6 ወር ያህል፣ የእግር ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። ሦስት ሳምንት ተቀብቶ «አልሠራም» ብሎ መጣል የተለመደ ነው። በየወሩ በአንድ ብርሃን የተነሳ ፎቶ ይበቃል፤ በስድስተኛው ወር ከሥሩ ጤናማ ጥፍር ካልታየ ያን ጊዜ ሐኪሙን ሌላ ሕክምና መጠየቅ ተገቢ ነው።