የግቢ አበቦችን ቆርጦ ማባዛትና ማድለብ

በመሥሪያ ቤቶች ቅጥር ግቢ የሚተከሉ አበቦች በመጀመሪያው ዓመት አምረው ከታዩ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት ግንዳቸው ረዝሞና ቅጠላቸው ከጫፍ ላይ ብቻ ቀርቶ መታየታቸው የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው እርምጃም ያረጁትን ነቅሎ አዲስ ችግኝ መግዛት ነው። ሆኖም እንደ ጀራኒየም ያሉ ለዓመታት የሚቆዩ ተክሎች ጫፋቸው ሲቆረጥ ከጎን አቆጥቁጠው ይደልባሉ፤ የተቆረጠው ጫፍም ያለ ግዥ ችግኝ ይሆናል።

አሠራሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቆቃ አካባቢ የሚገኙ የአበባ እርሻዎች ሥር ያላወጡ የጀራኒየም ቁራጮችን በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይልካሉ።

ቁራጩ የሚወሰደው ጤነኛና አበባ ካልያዘ ቅርንጫፍ ሲሆን፣ ርዝመቱ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከአንጓው ሥር በስለታም ቢላዋ ይቆረጣል። የታችኞቹ ቅጠሎች ይነሳሉ። ጀራኒየም ውኃ የበዛበት ግንድ ስላለው ቁስሉ እስኪደርቅ ለጥቂት ሰዓታት በጥላ ሥር ይቆይና አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ይተከላል። በዚህ ደረጃ ችግኙን የሚገድለው ከውኃ ጥም ይልቅ የውኃ ብዛት ነው፤ በየቀኑ ውኃ የሚያጠጣ ትጉህ አትክልተኛ ሳያውቀው ያበሰብሰዋል። በክረምት ዝናብ የሚጋለጥ መደብም እንዲሁ አይመረጥም። በተስማሚ ሁኔታ ሥር ለማውጣት ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይበቃዋል። የጥብስ ቅጠል (ሮዝመሪ) ግን ከዚህ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ችግኙ ሥር ይዞ ማደግ ሲጀምር ጫፉ በጣት ይቀነጠባል። የግንዱ ጫፍ ኦክሲን የተባለ ሆርሞን እያመነጨ ወደ ታች ስለሚልክ፣ በየአንጓው ያሉት የጎን ቡቃያዎች እንዳይነቁ ይታገዳሉ። ጫፉ ሲነሳ እገዳው ይላላና በአንዱ ግንድ ፈንታ ሁለት ወይም ሦስት ቅርንጫፎች ይወጣሉ። እነዚህም በተራቸው ቢቀነጠቡ ተክሉ ይበልጥ ይደልባል።

ችግሩ ቅንጠባው አበባውን በሳምንታት የሚያዘገይ መሆኑ ነው። ግቢው ለምረቃ በዓል እንዲያብብ የታዘዘ አትክልተኛ ጫፍ ለመቅጠፍ አይደፍርም፤ በዚህም ምክንያት ተክሉ ለአንድ ቀን አብቦ ዓመቱን ሙሉ እንደቀጠነ ይኖራል። ስለሆነም የተከላው ዕቅድ ከበዓሉ ወራት አስቀድሞ ቢወጣ ይመረጣል። በጥላ የሚያድግ ወይም ዩሪያ የበዛበት ተክል ግን ቢቀነጠብም እንኳ መመዘዙ አይቀርም።

ያረጀ ጀራኒየም አጥሮ ቢቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። የጥብስ ቅጠል ግን ቅጠል የሌለው የእንጨት ክፍሉ ላይ ከተቆረጠ መልሶ የማቆጥቆጥ ዕድሉ አነስተኛ በመሆኑ፣ አረንጓዴው ክፍል ሳያልቅ ማቆም ይገባል።

የቢላዋው ንጽሕናም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ራልስቶኒያ የተባለው ባክቴሪያ ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው በመቁረጫ፣ በአፈርና በውኃ ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ከጓቲማላ በመጡ የጀራኒየም ተክሎች ላይ በመገኘቱ ተክሎቹ እንዲወገዱ ተደርጓል። ይኸው ተሕዋስ በድንች ላይ አጠውልግ በሽታን የሚያስከትል በመሆኑ፣ ጉዳቱ ድንች ለሚያመርተው የደጋ አርሶ አደርም ይተርፋል። በመሆኑም ቢላዋውን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ በአልኮል መጥረግ ያስፈልጋል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ የሚጠወልግ ተክል ከተገኘም ቁራጭ አይወሰድበትም፤ ከነሥሩ ተነቅሎ ይቃጠላል እንጂ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ አይጣልም።