ባክቴሪያና ቫይረስ ለየቅል ናቸው

የቀበና ወንዝ ከእንጦጦ ተራራ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። በየሰፈሩ ባለፈ ቁጥር ፍሳሽ ይቀላቀልበታል፤ ከፍሳሹም ጋር ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች ይገባሉ። በየካ ክፍለ ከተማ ያለው የኤካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል ደግሞ የሚያስታውሰን ቫይረስን ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ የበሽታው ዋና መታከሚያ ሆኖ አገልግሏል። ሁለቱንም «ጀርም» እንላቸዋለን፤ ተፈጥሯቸውም መድኃኒታቸውም ግን ይለያያል።

ባክቴሪያ ራሱን ችሎ የሚኖር ሕይወት ያለው ነገር ነው። አካሉ አንድ ሴል ብቻ ነው፤ ርዝመቱም ብዙውን ጊዜ ጥቂት የሚሊ ሜትር ሺህኛ ቢሆን ነው። ይመገባል፣ ያድጋል፣ ለሁለት እየተከፈለ ይራባል። በአንጀታችን የሚኖረው ኢ. ኮላይ ምግቡና ሙቀቱ ከተመቸው በየ20 ደቂቃው ይከፈላል። በዚህ ፍጥነት ከቀጠለ አንዱ በ7 ሰዓት ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ጠዋት የተሠራ ምግብ ሙቀት ውስጥ ውሎ ማታ ሊያሳምም የሚችለው ለዚህ ነው።

ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት አይደለም። ወተትን የሚያረጉት፣ የጤፍ ሊጥንም ከእርሾ ጋር ሆነው የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ናቸው። በሽታ አምጪዎቹ ጥቂቶች ናቸው፤ የኮሌራና የታይፎይድ ባክቴሪያዎች በተበከለ ውሃና ምግብ፣ የሳንባ ነቀርሳው ደግሞ በአየር ይተላለፋሉ።

ቫይረስ ሴል የለውም። በፕሮቲን የተሸፈነ ዘረመል ነው፤ እንደ ኮሮና ያለው ከላዩ የስብ ሽፋን ይደርባል። የእንጀራ አጋገር የተጻፈበት ወረቀት እንደማለት ነው፤ ወረቀቱ ብቻውን ሊጥም ምጣድም የለውም። ሕይወት ያለው ሴል ውስጥ ሲገባ ግን በሴሉ ጓዳ ራሱን ያባዛል። ጉንፋን፣ ኩፍኝ፣ ፖሊዮና ኤችአይቪ የቫይረስ ሥራ ናቸው።

አንቲባዮቲክ ለጉንፋን የማይሠራው ከዚህ የተነሣ ነው። አሞክሳሲሊን የባክቴሪያን ግድግዳ ያፈርሳል፤ ቫይረስ ግን የሚፈርስ ግድግዳ የለውም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድም ደካማዎቹ ባክቴሪያዎች ይሞቱና መድኃኒቱን የለመዱት ተርፈው ይራባሉ። ነገ የሳንባ ምች ሲይዘን ያው መድኃኒት ላያድነን ይችላል።

ቫይረስን የምንከላከልበት ትልቁ መሣሪያ ክትባት ነው። ስንቱን የፈጀው ፈንጣጣ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ለኤችአይቪም ቫይረሱ እንዳይራባ የሚያግዱ የራሱ መድኃኒቶች አሉ።

እጅን በሳሙና መታጠብ ለሁለቱም ይበጃል፤ ሳሙና ባክቴሪያን ከቆዳ ያጥባል፣ የኮሮናን የስብ ሽፋንም ይበትናል። ከታመማችሁ ደግሞ ከፋርማሲ በፊት ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ «ያመመኝ ባክቴሪያ ነው ወይስ ቫይረስ?» ብላችሁም ጠይቁ።