የሬክቲፋየር ዳዮድ ምርጫ፦ ከ24 ቮልት ትራንስፎርመር ላይ 68 ቮልት ከየት ይመጣል?



የፓወር ሰፕላይ ዲዛይን ስታቀርቡ ዳዮዱ የሚያሳልፈውን ከረንት ሁላችሁም ታሰላላችሁ። የሚሸከመውን የተገላቢጦሽ ቮልቴጅ ግን ብዙዎቻችሁ የምትወስኑት ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይታችሁ ነው። ያ ቁጥር አይበቃም።

ባለ 24 ቮልት ትራንስፎርመር እንውሰድ። የሞገዱ ጫፍ የ24 1.414 እጥፍ፣ ማለትም 34 ቮልት ገደማ ነው። አንድ ዳዮድና አንድ ካፓሲተር ባለው የግማሽ ሞገድ ሰርኪዩት ዳዮዱ ሲያስተላልፍ ካፓሲተሩ እስከዚህ ጫፍ ድረስ ይሞላል። ከግማሽ ዑደት በኋላ ትራንስፎርመሩ ወደ አሉታዊ 34 ቮልት ይገለበጣል፤ ካፓሲተሩ ግን የያዘውን 34 ቮልት ገና አልለቀቀም። በመካከላቸው የተዘጋው ዳዮድ የሁለቱን ድምር፣ 68 ቮልት ያህል፣ ይሸከማል። ስለዚህ 50 ቮልት የሚችለው ዋን ኤን 4001 እዚህ ቦታ የለውም።

በያንዳንዱ ወገን 24 ቮልት የሚሰጥ ሴንተር ታፕ ያለው ትራንስፎርመር ስንጠቀምም ውጤቱ ያው 68 ነው። በአራት ዳዮድ ድልድይ ግን እያንዳንዱ ዳዮድ 34 ብቻ ይሸከማል። እነዚህን ቀመሮች በቃል መያዝ አልመክርም፤ ይምታታሉና። ዳዮዱ በተዘጋበት ቅጽበት በሁለቱ እግሮቹ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ጻፉና ቀንሱ።

አሁን ወደ ግድግዳው ሶኬት እንሂድ። የአገራችን 220 ቮልት በቀጥታ ወደ ድልድይ ሲገባ ጫፉ 311 ነው፤ መስመሩ በ10 በመቶ ቢጨምር 342 ይሆናል። በወረቀት ላይ 400 ቮልቱ ዋን ኤን 4004 ያልፋል። ነገር ግን በአቅራቢያው ትልቅ ሞተር ሲጠፋ ወይም መብረቅ ሲወድቅ በመስመሩ ላይ ለአጭር ጊዜ የሚመጣው ቮልቴጅ ይህን ትርፍ በቀላሉ ይበልጠዋል። ዳዮድ ደግሞ በዚህ ዓይነት ሲጎዳ አብዛኛውን ጊዜ ሾርት ያደርጋል። በግማሽ ሞገድ ሰርኪዩት ይህ ከሆነ ተለዋዋጩ ቮልቴጅ በኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሩ ላይ ያርፋል፤ ፊውዝ ከሌለ ካፓሲተሩ ሊፈነዳ፣ ጎንበስ ብሎ የሚፈትሸውንም ሰው ዐይን ሊጎዳ ይችላል። ዋን ኤን 4007 በከረንትም በቅርጽም ከ4004 ጋር አንድ ሆኖ 1000 ቮልት ይችላል፤ በዋጋም ብዙ አይራራቁም። ስለዚህ ለ50 ኸርዝ መስመር እርሱን፣ ከፊቱም ፊውዝና ቫሪስተር አድርጉ።

ታዲያ ሁልጊዜ ትልቁን ለምን አንመርጥም? ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚችል ዳዮድ ወፈር ያለና ዶፒንጉ የሳሳ የሲሊከን ንጣፍ ይፈልጋል፤ ይህም ሲያስተላልፍ የሚባክነውን ኃይል ይጨምራል። በ1 አምፒር ዋን ኤን 4007 እስከ 1.1 ቮልት ሲያስቀር፣ 40 ቮልቱ ሾትኪ ዋን ኤን 5819 የሚያስቀረው ቢበዛ 0.6 ነው። በአሥር ሺሕዎች ኸርዝ በሚሠራ ፍላይባክ ውስጥ ደግሞ 4007 በጊዜው መዘጋት ስለማይችል ጨርሶ አያገለግልም። ስለዚህ በፍላይባክ ባለ 5 ቮልት ውጤት በኩል ሾትኪ እንፈልጋለን። የጥቅልሉ ምጣኔ 15 ለ1 ከሆነ፣ 342 ለ15 ተካፍሎ 5 ሲደመርበት 28 ቮልት ያህል ይመጣል። በመቀያየሪያው ቅጽበት የሚፈጠረው መርገብገብ ሲታከልበት የ40 ቮልቱ ትርፍ ይሳሳል፤ እኔ ብሆን 60 ቮልቱን ሾትኪ አስገብቼ በኦሲሎስኮፕ አረጋግጣለሁ።