አያት ላይ የሚቆም ስም

መታወቂያ ላይ ሦስት ስም ይጻፋል፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። ከዚያ በላይ ያለው ሐረግ መታወቂያው ላይ የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው፣ ልደትና ሞትም በመዝገብ እንዲሰፍር ደንግጎ ነበር፤ ድንጋጌው ግን ለአሥርት ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። አውሮፓዊ ቅድመ አያቱን ከደብሩ የጥምቀት መዝገብ ሲያወጣ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለ የሱሉልታ ወይም የሰበታ ሰው ያን መንገድ ቢከተል ባዶ እጁን ይመለሳል። ስማችን በየትውልዱ ስለሚለወጥ ስምን ብቻ ይዞ መፈለግም አያዋጣም፤ በአንድ ቀበሌ ስንት ከበደ ተሰማ፣ ስንት ቶሎሳ ገመቹ አለ! ስለዚህ እዚህ አገር የዘር ሐረግ ፍለጋ ማለት ስሙ የታሰረበትን መሬትና ዘመን መከተል ነው።

መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ሽማግሌዎች ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ የቱለማ ኦሮሞ አባቶቹን ሲቆጥር ስሙን ከጎሳውና ከባልባላው (ከንዑስ ጎሳው) ጋር አያይዞ ነው፤ ጉለሌ፣ የካ፣ ገላን እያልን የምንጠራቸው ሰፈሮች ራሳቸው የጎሳ ስም ናቸው። አማራውም በበኩሉ እስከ ሰባት ቤት መቁጠርን ያውቃል። ችግሩ አጠያየቁ ላይ ነው። «አባቶችዎን ይቁጠሩልኝ» ለተባለ ሽማግሌ በቃል የተጠናው ሰንሰለት ከአፉ ይወርድለታል፤ ሰንሰለቱም ወንድ ብቻ ነው። «የእነ እገሌ ልጅ ለእኛ ልጅ ትሆናለች?» ብሎ ለጠየቀ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ እናቶች፣ አክስቶች፣ ሁለተኛ ሚስቶች፣ ወደ ሌላ አገር የተዳሩ እህቶች አንድ በአንድ ይነሣሉ፤ ዝምድና የሚቆጠረው ዋነኛ ሥራው ጋብቻን መከልከልና መፍቀድ ስለሆነ ነው።

«የአባቶች ቃል ካለ ወረቀት ለምን ይፈለጋል?» የሚል አይጠፋም። የቃል ሰንሰለት ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ ስም ያላተረፈ አባት በመሐል ይዘለላል። ይህን በሒሳብ መፈተን ይቻላል፦ አንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ቢገመት ሰባት ትውልድ ከ175 እስከ 210 ዓመት ይሆናል። ሰባተኛው አባት በ1888 ዓ.ም. ጎልማሳ ሆኖ ዓድዋ ዘመተ ከተባለ ሰንሰለቱ በዝቷል፤ ከዛሬ ወጣት ሲቆጠር ሦስተኛው ዘመተ ከተባለም የተዘለለ ስም ያለ ይመስላል። ሁለተኛ፣ በጉዲፈቻ የገባ ልጅ የአሳዳጊውን ሐረግ፣ በሞጋሳ የገባም የተቀበለውን ጎሳ ይቆጥራል። ይህ ውሸት አይደለም፤ በሕጉ ልጅ ነውና። የሚጽፈው ሰው ግን የሥጋውንና የውሉን መስመር ለይቶ ቢያሰፍር ሁለቱንም ያከብራል።

ወረቀት የለም የሚለው ወሬ ደግሞ ከእውነታው ይልቅ የተሳሳተ ቦታ ከመፈለግ የመጣ ነው። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት የነበረ የግብር ደረሰኝ በብዙ ቤት ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል፤ ነገር ግን ደረሰኙ የሚጠራው የመሬቱን ባለቤት ስለሆነ የጭሰኛ ልጅ አያቱን እዚያ ቢያጣ ሊደነቅ አይገባም። የእርሱ አያት በስሙ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከመሬት አዋጁ በኋላ በተቋቋመው የገበሬ ማኅበር ዝርዝር ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በፍርድ ቤት ያለው የወራሽነት ፋይል ይመስለኛል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ከተሞች የእርሻ መሬት ወደ ቦታና ወደ ካሳ ሲለወጥ ወራሽ ነኝ ማለት ማስረጃ ጠየቀ። ማስረጃው ሲቀርብ ሟች መቼ እንደሞተ፣ ከማን ማንን እንደወለደ፣ ሴት ልጆቹ የት እንደተዳሩ ምስክር እየቆጠረ ይመዘገባል፤ ሽማግሌው ያለፋቸው ሴቶች እዚህ በሙሉ ስማቸው ይቆማሉ። በእርግጥ ጥቅም ያለበት ፋይል ነው፤ ወራሽ የሚደበቅበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከእድር መዝገብ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል፤ እድሩ ለማን ሞት፣ ለየትኛው አባል፣ በየትኛው ቀን እንደከፈለ ይጽፋል፤ ገንዘብ ያዡም ለሌለ ዘመድ አይከፍልም።

ቀን ሲጠየቅ ሰው ቁጥር ሳይሆን ክስተት ይናገራል። «ጣልያን ሲገባ በጀርባ ታዝዬ ነበር» ያለች አያት ከ1928 ዓ.ም. አንድ ሁለት ዓመት ቀድማ ተወልዳለች፤ የኅዳር በሽታ ደግሞ 1911 ዓ.ም. ነው። የኦሮሞ ሽማግሌ በአባ ገዳው ስም ቢመልስ የአንድ ገዳ ዘመን ስምንት ዓመት ነውና ቢያንስ ዘመኑ ይገኛል። የስም አጻጻፍም ያሳስታል፦ ፊደል የኦሮምኛን አናባቢ ርዝመትና ጥብቀት ስለማያሳይ ሁለት የተለያዩ ስሞች በድሮ ደብዳቤ አንድ መስለው ይመጣሉ፤ ዸም በደ ይጻፋል። ኦርቶዶክሱ የክርስትና ስም አለውና ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው ወልደ ሚካኤል ቀበሌ የሚያውቀው በቀለ ሊሆን ይችላል። ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት የአስተዳደር ስሞች ስለተቀየሩ ፋይል የሚጠይቅ ሰው የድሮውን የቀበሌ ስም ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።

አንድ ተቃውሞ በዋዛ አይታለፍም፦ የአዲስ አበባ ዙሪያ የማን አገር ነው የሚለው ክርክር ሲሞቅ ዘር መቆፈር እሳት ላይ ቤንዚን አይሆንም ወይ? ስጋቱ ሥር አለው። ነገር ግን ለክርክር የሚመቸው በአንድ መስመር የሚወርድ፣ በደንብ ያልተጠና ሐረግ ነው። የእናት ወገን፣ የጉዲፈቻው ልጅ፣ ከወሎ ወይም ከጉራጌ መጥቶ ቡራዩ የሰፈረው አማች ሲገቡበት ያ መስመር ቅርንጫፍ ያበዛል። የዲ ኤን ኤ ምርመራ ይህን ይፈታዋል ብሎ የሚጠብቅም ይሳሳታል፤ ምርመራው የተመረመሩ ሰዎችን ዝምድና ይገምታል እንጂ የሞተ አያትን ስም አያወጣም። ስም የሚያወጣው ደብተሩ ነው፤ በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ማን እንደነገረ፣ የት እንደነገረ፣ በየትኛው ቀን እንደነገረ የተጻፈበት፣ የሚጋጩት ሁለት ቃሎች አንዱ ሳይሰረዝ ጎን ለጎን የተቀመጡበት ደብተር።