ታሳሪና የዳኝነት ክፍያ፦ ተረቱና እውነታው

«ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ የለንም፤ እሱም ውስጥ ነው። ይቅርብን።» ከአዋሽ ሰባት እስከ ሰመራ ባለው ሸለቆ ደሞዝ የቀረበት፣ አካሉ የተጎዳ ወይም ንብረቱ የተያዘበት ሰው ማረሚያ ቤት ሲገባ፣ ብዙ ቤተሰብ ጉዳዩን የሚዘጋው በዚህ ቃል ነው። ሕጉ ግን ይቅርባችሁ አላለም።

በመጀመሪያ ሊታረም የሚገባው «የታሰረ ሰው መክሰስ አይችልም» የሚለው እምነት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት አለው፤ አንቀጹ ታራሚን ለይቶ አላስቀረም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 123 ጥፋተኛ የተባለ ሰው ከአንዳንድ መብቶቹ እንዲሻር ይፈቅዳል፤ ለምሳሌ ከመምረጥና ከመመረጥ፣ ከሞግዚትነት ወይም ሙያውን ከመሥራት። ይህም ዳኛው በፍርዱ ላይ ሲወስነው እንጂ እስሩን ተከትሎ በራሱ የሚመጣ አይደለም፤ መክሰስም ከነዚህ ውስጥ አልተጻፈም። ገና ያልተፈረደበት ተጠርጣሪ ደግሞ ከዚህም የራቀ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ አዋሽ አርባ የተያዙት ፖለቲከኞችና ጋዜጠኞችም ንብረታቸውንና ውላቸውን የማስከበር መብታቸው አብሮ አልታሰረም።

«ገንዘብ ካልከፈልክ መዝገብ አይከፈትም» የሚለው ከሁሉም በላይ ሰው ያስቀራል፤ ግማሽ እውነት ስላለው ነው። በፍትሐ ብሔር ክስ የዳኝነት ክፍያ በመደበኛው መንገድ አስቀድሞ ይከፈላል፤ የሚጠየቀው ገንዘብ ሲበዛም ክፍያው አብሮ ይጨምራል። ይሁንና የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ሌላ በር ከፍቷል። ፍርድ ቤት ተመላላሾች «በደሃ ደንብ መክሰስ» ይሉታል። ክፍያውን በሙሉ ወይም በከፊል ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው፣ ሳይከፍል እንዲከስ ፍርድ ቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ማመልከቻው እንደማንኛውም የክስ አቤቱታ ማን ማንን፣ በምን ምክንያት፣ ምን እንደሚጠይቅ ይዘረዝራል፤ ከዚያ አመልካቹ ያለው ንብረት ከነግምቱ በቃለ መሐላ ተደግፎ ይያያዛል። በተግባር ከቀበሌ የሚሰጥ የአቅም ማነስ ማስረጃም ይቀርባል። አመልካቹ ራሱ ቀርቦ ስለ ንብረቱ ይጠየቃል፤ መቅረብ ካልቻለ በቂ ምክንያቱን አሳይቶ በወኪል ማቅረብ ይችላል። የግቢ በር የተዘጋበት ታራሚ ይህን በማመልከቻው ላይ በግልጽ ቢያስቀምጥ ይበጀዋል።

እዚህ ላይ ሌላ ስህተት ይከተላል፦ «እስረኛ ከሆነ ደሃ መሆኑ የታወቀ ነው።» አይደለም። ሕጉ የሚያየው አቅምን እንጂ እስርን አይደለም። በአፋር አርብቶ አደር ዘንድ ጥሬ ገንዘብ የሌለው ሰው ግመልና ፍየል ሊኖረው ይችላል፤ የራሱ ከሆኑ በዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለባቸው። የጎሳው የግጦሽ መሬት ግን የእሱ የግል ሀብት አይደለም፤ ይህንንም ለይቶ መጻፍ ተገቢ ነው። ከሳሽ ፈቃድ ለማግኘት ብሎ ንብረቱን በማታለል ለሌላ ካዞረ፣ ወይም አቤቱታው የክስ ምክንያት ከሌለው፣ ጥያቄው ይወድቃል። ተከሳሹም «አቅም አለው» ብሎ መቃወም ይችላል። ፈቃዱ ተከለከለ ማለት ግን መብቱ ሞተ ማለት አይደለም፤ በመደበኛው መንገድ ከፍሎ መክሰስ አሁንም ይቻላል።

ፈቃድ ማግኘት «በነጻ» እንደ መዳኘት የሚታይበት ጊዜም አለ። ሕጉ ያደረገው ክፍያውን ማቆየት ነው። ከሳሹ ከረታ ገንዘቡ ከተረታው ወገን እንዲከፈል ይታዘዛል፤ ከተረታ ራሱ ይጠየቅበታል። የጠበቃ አበልና የምስክር ወጪም ከዚህ ውጭ ናቸው። ይህን አስቀድሞ ያልነገሩት ታራሚ በኋላ ዕዳ ሲመጣበት ፍትሕን ይጠላል፤ ስለዚህ ማመልከቻ የሚጽፍለት ሰው ሳያድበሰብስ ሊነግረው ይገባል።

ለንጽጽር ያህል፣ አሜሪካ በታራሚ ላይ ለይቶ ያጠበቀ ሕግ አላት። በ1988 ዓ.ም. በወጣው የታራሚዎች ክርክር ማሻሻያ ሕግ መሠረት፣ በፌዴራል ፍርድ ቤት ደሃ መሆኑ የታወቀለት ታራሚም ክፍያውን ከማረሚያ ቤት ሒሳቡ በየወሩ እየተቆረጠ ይጨርሳል። ሦስት ክሶቹ መሠረተ ቢስ ተብለው የተዘጉበት ታራሚም ከባድ የአካል አደጋ ካላንዣበበበት በስተቀር በዚህ መንገድ መክሰስ ይከለከላል። የእኛ ሥነ ሥርዓት ሕግ በዚህ ረገድ ለታራሚ የተለየ ቅጣት የለውም፤ ይህ በጎ ነገር ሳይታወቅ መቅረቱ ያሳዝናል።

ከሁሉም በላይ የሚጎዳው «ሲፈታ ይከሳል» የሚለው ምክር ነው። እስር በራሱ ይርጋን፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብን፣ አያቆምም። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 የ2 ዓመት ገደብ አለው፤ ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ እንደሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ ያ ይከተላል። በተንዳሆ ወይም በከሰም ስኳር ፋብሪካ፣ ወይም በሸለቆው እርሻዎች ሲሠራ ለታሰረ ሰው ጊዜው ይበልጥ ያጥራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በ3 ወር፣ ያልተከፈለ ደሞዝ ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል። ከ30 ቀን ያልበለጠ እስር ውሉን ያግዳል እንጂ አያቋርጥም፤ ለዚህም አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ እንዲያውቅ መደረግ አለበት። ሠራተኛው በእነዚህ ጉዳዮች ሲከስ የዳኝነት ክፍያ ጨርሶ አይጠየቅም፤ የደሃ ደንብም አያስፈልገውም።

ታራሚው ራሱ መሄድ ካልቻለ የትዳር ጓደኛው ወይም የቅርብ ዘመዱ በውክልና ሊከራከርለት ይችላል። ጠበቆች በዓመት የተወሰነ ነጻ አገልግሎት የመስጠት ሙያዊ ግዴታ አለባቸው፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በሰመራ ጽሕፈት ቤት አለው። ቤተሰብ ለጠያቂነት ሲሄድ ከስንቁ ጋር የቅጥር ውሉን፣ የሕክምና ወረቀቱንና የጉዳቱን ቀን ጽፎ ይያዝ፤ ማመልከቻውን የሚጽፈው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ቀኑን ነው።